ተፈጥሮ በሰው ላይ የምታምፅባቸውን የአሜሪካ አነስተኛ በጀት አስፈሪ ፊልሞች እንዴት መርጦ መመልከት ይቻላል

ድብ፣ ሸረሪት፣ ትል፣ እንቁራሪት፣ አልፎ ተርፎም ጥንቸል በሰው ላይ የሚነሣባቸው የአሜሪካ አስፈሪ ፊልሞች አብዛኞቹ የተሠሩት በአነስተኛ ገንዘብ፣ በአጭር የቀረጻ ጊዜና እውቅናቸው ውስን በሆነ ተዋንያን ነው። ይህን ሳያስብ የሚቀርባቸው ተመልካች ወይ ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሰልችቶት ይተዋቸዋል፣ ወይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሲስቅባቸው ቆይቶ በውስጣቸው ያለውን ብልሃት ሳያስተውል ያልፋል። ስለዚህ ከመቀመጥዎ በፊት «አውሬው እውነት ይመስላል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉትና በምትኩ «ዳይሬክተሩ ለአውሬው የሚበቃ ገንዘብ እንደሌለው ከተረዳ በኋላ ምን ዘዴ ፈጠረ?» የሚለውን ይያዙ። የዚህ ዘርፍ ጥሩና መጥፎ ፊልሞች የሚለዩት በዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከየት መጀመር ይሻላል

መጀመሪያ መመልከት የሚገባዎ ፊልም የዘርፉ አባል አይደለም። በ1975 የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ» ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ የትልቅ ስቱዲዮ ሥራ ነው፤ ሆኖም ከእሱ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት የተሠሩት ርካሽ ፊልሞች አብዛኞቹ የእሱን መንገድ ስለተከተሉ መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። ለፊልሙ የተሠራው ሜካኒካል ሻርክ በባሕር ውኃ ውስጥ በተደጋጋሚ እየተበላሸ ስላስቸገረ ስፒልበርግ አውሬውን ለረጅም ጊዜ ሳያሳይ በካሜራ እንቅስቃሴና በሙዚቃ ብቻ መኖሩን ለማሳወቅ ተገደደ። በችግር የተገኘው ይህ መፍትሔ በእጃቸው ብዙ ገንዘብ ላልነበራቸው ፊልም ሠሪዎች ትልቅ ስጦታ ነበር፤ የማይታይ አውሬ ብዙ ወጪ አያስወጣምና።

ቀጥለው በ1976 የወጣውን «ግሪዝሊ» ይመልከቱ። ዳይሬክተሩ ዊሊያም ገርድለር በ750 ሺህ ዶላር ገደማ በጆርጂያ ግዛት ክሌይተን በተባለች ከተማ አካባቢ ቀርጾት ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል። ታሪኩ ባሕሩ በጫካ፣ ሻርኩ በድብ፣ የፖሊስ አዛዡ በፓርክ ጠባቂ የተተካበት «ጆውስ» ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለቱን ፊልሞች በተከታታይ ቀናት ቢመለከቱ ገርድለር የቱን እንደቀዳና የቱን ከራሱ እንደጨመረ በግልጽ ይታይዎታል። ለቀረጻው የቀረበው ቴዲ የተባለ፣ ቁመቱ ከሦስት ሜትር የሚበልጥ እውነተኛ ድብ ነበር። ሠራተኞቹን ከእሱ ይለይ የነበረው በቀረጻው ቦታ የተዘረጋ አረንጓዴ ክርና ጧ ጧ የሚል የወጥ ቤት ሰዓት ነው፤ ድቡ ይህን እንደ ኤሌክትሪክ አጥር ይቆጥረው ነበር። ይህን ካወቁ በኋላ ድቡና ተዋናዩ በአንድ ምስል ውስጥ አብረው የሚታዩት ስንት ጊዜ እንደሆነ ልብ ይበሉ። በጣም ጥቂት ነው። አብዛኛው ጥቃት የተገነባው በድቡ ዓይን ከሚመለከት ካሜራ፣ ከከባድ ትንፋሽ፣ ከጎን ከሚወረወር ሰው ሠራሽ መዳፍና ከተጎጂው ጩኸት ነው።

ሦስተኛው በ1978 የወጣው «ፒራና» ቢሆን እመርጣለሁ። የሮጀር ኮርማን ኒው ወርልድ ፒክቸርስ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች አውጥቶ ያሠራው ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ ጆ ዳንቴ፣ ጸሐፊው ጆን ሴልስ ናቸው። ኮርማን ለወጣት ፊልም ሠሪዎች ትንሽ ገንዘብና ሰፊ ነፃነት በመስጠት የታወቀ ፕሮዲዩሰር ነበር፤ ትርፉን ሳይዘነጋ ማለት ነው። በዚህ ፊልም ሰው የሚበሉት ፒራና የተባሉ ሥጋ በል ዓሦች በእንጨት ጫፍ የተሰኩ የጎማ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ምስል ለዓይን ከመጥራቱ በፊት ይቆረጣል፣ ውኃው ይቀላል፣ እንደ መጋዝ የሚያንገሸግሽ ድምፅ ይሰማል። የሴልስ ስክሪፕት ደግሞ ሞኝ ገጸ ባሕርያትን እንኳ በሚገባ ስለሚያናግር ተመልካቹ ዓሦቹ እስኪመጡ ድረስ አይሰለችም። ሴልስ በ1980 ለወጣው የሉዊስ ቲግ «አሊጌተር» የጻፈውም ከዚህ አያንስም፤ አዞው ጉዞውን ከከተማው የፍሳሽ ቦይ ጀምሮ በሀብታሙ ሰው ግቢ የሠርግ ድግስ ላይ ይደርሳል። በየመንገዱ የሚበላው ማንን እንደሆነ ቢከታተሉ ጸሐፊው ማንን ሲወቅስ እንደነበር ያገኙታል።

አውሬው እንዴት እንደተሠራ መለየት

የዚህ ዘርፍ ዋና ደስታ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወስዶ መመልከት ይገባል። በቂ ገንዘብ የሌለው ፊልም ሠሪ አውሬ ለማሳየት ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ እነዚህን ካወቁ በኋላ የትኛውንም ፊልም ሲያዩ ወዲያው መለየት ይጀምራሉ።

ቀላሉ መንገድ እውነተኛ እንስሳትን በብዛት ማምጣት ነው። በ1977 የወጣውና ጆን ካርዶስ የሠራው «ኪንግደም ኦፍ ዘ ስፓይደርስ» በአሪዞና ካምፕ ቨርዴ ሲቀረጽ 5,000 ያህል ሕያው ታራንቱላዎች ተሰብስበውለታል። ለአንዱ 10 ዶላር ገደማ ስለተከፈለ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ከሚሆነው በጀት ዐሥር በመቶ ያህሉ ለሸረሪት ግዢ ወጣ ማለት ነው። ታራንቱላ ቢያስፈራም መርዙ ሰውን አይገድልም፤ በተፈጥሮውም ሰው ሲቀርበው የሚሸሽ እንስሳ ነው። ስለዚህ ፊልሙን ሲመለከቱ የሸረሪቶቹን አቅጣጫ ይከተሉ፤ በርከት ባሉ ምስሎች ወደ ተጎጂው በመሮጥ ፈንታ ከእሱ ሲርቁ ያዩአቸዋል። ያም ሆኖ ፊልሙ ያስፈራል፤ ምክንያቱም ዊሊያም ሻትነርና ሌሎቹ ተዋንያን በፊታቸውና በልብሳቸው ላይ የሚሄዱት ሸረሪቶች እውነተኛ መሆናቸውን ተመልካቹ ያውቃል። ሻትነር ወደ ምድር ቤቱ የሚወርድበትን ትዕይንት ከሌላው ሁሉ ለይተው ይመልከቱት፤ በዚያ ትዕይንት ውስጥ የሚታየው ድንጋጤ ሁሉ የትወና ችሎታ ነው ብዬ ለመማል አልደፍርም። በአንጻሩ የፊልሙ የመጨረሻ ምስል በእጅ የተሣለ ሥዕል ነው። መሆኑ ያስታውቃል፤ ቢሆንም ሐሳቡ ጥሩ ስለሆነ ይቅር ይባላል።

ሁለተኛው መንገድ ትንሹን እንስሳ ግዙፍ አስመስሎ ማሳየት ሲሆን፣ ብዙ ውድቀት የታየው በዚህ ነው። በርት ጎርደን በ1957 በሠራው «ቢጊኒንግ ኦፍ ዚ ኤንድ» ግዙፍ ናቸው የተባሉት አንበጣዎች የቺካጎን ሕንፃዎች ሲወጡ የሚታዩት የሕንፃዎቹ ፎቶግራፍ ላይ እንዲሄዱ ተደርጎ ነው፤ በአንድ ቦታ አንበጣው ከሕንፃው ጠርዝ አልፎ ሰማዩን ይረግጣል። በ1972 የወጣው «ናይት ኦፍ ዘ ሊፐስ» ደግሞ ተራ የቤት ጥንቸሎችን በትንንሽ ሞዴል ቤቶች መካከል አስሩጦ ቀረጻውን አዝግሞ በማሳየት ገዳይ አውሬ ሊያደርጋቸው ሞክሯል። ይህ ፊልም የትልቁ የኤምጂኤም ስቱዲዮ ሥራ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ከድሃዎቹ አልተሻለም። እዚህ ላይ አንድ ሙከራ እመክራለሁ። ጥንቸሎቹ መንጋ ሆነው የሚሮጡበትን ትዕይንት መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው፣ ቀጥሎ ድምፁን ከፍተው ይዩት። ያለ ድምፅ የሚታየው ለስላሳ ጸጉር ያላቸው፣ ጆሮአቸው የሚወዛወዝ፣ ማንንም የማያስፈሩ ጥንቸሎች ናቸው፤ ድምፁ ሲከፈት ግን ምድር የሚያንቀጠቅጥ የኮቴ ነጎድጓድ ይሰማና ዓይን ያላመነውን ጆሮ ለጥቂት ሰከንዶች ያምናል። ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ናቸው፤ ካሜራው ወደ ጥንቸሉ ፊት በቀረበ ቁጥር ሁሉም ይፈርሳል። ይህንኑ ሙከራ በ«ፒራና» የመዋኛ ትዕይንት ላይ ቢደግሙት ልዩነቱን ያገኙታል፤ በዚያ ምስሉም ራሱን ችሎ ይቆማል።

ሦስተኛው አንዱን ነገር ሌላ ማስመሰል ነው። በ1959 በቴክሳስ ግዛት በዳላስ አቅራቢያ የተቀረጸው «ዘ ኪለር ሽሩውስ» ምንጣፍ መሳይ ጸጉርና የውሸት ጥርስ የተደረገላቸውን ውሾች ሥጋ በል ግዙፍ አይጥ መሳይ ፍጥረታት ናቸው ብሎ ያቀርባል። ውሾቹ ከሩቅ ሲሮጡ ጅራታቸው ያሳብቃል፤ በቅርብ ሲታዩ ደግሞ ጭንቅላቱ በእጅ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ነው። በ1975 በዊስኮንሲን የተሠራው የቢል ሬባን «ዘ ጃይንት ስፓይደር ኢንቬዥን» ትልቁን ሸረሪት የገነባው በፎልክስቫገን ቢትል መኪና ላይ ነው። ሸረሪቱ ለጥ ባለ መሬት ላይ ብቻ የሚጓዘው ለምን እንደሆነ ከዚህ በኋላ ጥያቄ አይሆንብዎትም።

ከእነዚህ ሁሉ ለየት ብሎ የሚጠቀሰው ግን በ1976 የወጣው የጄፍ ሊበርማን «ስከርም» ነው። ሊበርማን ትሎቹን ግዙፍ ለማድረግ አልሞከረም፤ ካሜራውን አቀረባቸው እንጂ። አፋቸውን ከፍተው ጥርሳቸውን የሚያወጡ እውነተኛ የባሕር ትሎች መላውን ማያ ሲሞሉ፣ በዚያ ላይ ጩኸት ሲጨመርበት፣ አንዲት የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ እንኳ ታስፈራለች። ከጊዜ በኋላ በሜካፕ ጥበቡ ኦስካሮችን ያገኘው ሪክ ቤከር ትሎቹ በሰው ፊት ቆዳ ውስጥ ሰርስረው ሲገቡ የሚታዩበትን ትዕይንት ሠርቷል። ከዘርፉ አንድ ትዕይንት ብቻ አሳየኝ የሚለኝ ቢኖር የማሳየው ይህን ነው።

ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መከታተል

በዚህ ዘርፍ እንስሳት ያለ ምክንያት አይነሡም፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይነገራል። ፊልሙ ሲጀምር በማያው ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ካለ ሳይዘሉ ያንብቡት፤ የትኛው የዘመኑ ስጋት እንደወለደው ከዚያ ይታወቃል።

በ1950ዎቹ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ጨረር ነበር። በ1954 የወጣው «ዜም» ግዙፍ ጉንዳኖቹን በ1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ ከተደረገው የመጀመሪያው የአቶሚክ ፍንዳታ ጋር ያያይዛቸዋል። በ1962 የሬቸል ካርሰን «ሳይለንት ስፕሪንግ» የተባለው መጽሐፍ የፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ጉዳት ለሕዝብ ካሳወቀ፣ በ1970 የመጀመሪያው የምድር ቀን ከተከበረና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ፣ በ1972ም ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ በአሜሪካ ከታገደ በኋላ ጣት ወደ ፋብሪካውና ወደ እርሻው ዞረ። «ኪንግደም ኦፍ ዘ ስፓይደርስ» ውስጥ ሸረሪቶቹ ከብቶችንና ሰዎችን የሚያጠቁት ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚበሉትን ስለጨረሰባቸው ነው። በ1974 የኬሚስትሪ ተመራማሪዎቹ ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮውላንድ ከሚረጩ ዕቃዎች የሚወጡ ጋዞች የኦዞን ንጣፍን እንደሚጎዱ ባሳተሙ በሦስተኛው ዓመት ገርድለር «ዴይ ኦፍ ዚ አኒማልስ» በተባለው ፊልሙ ከፍተኛ ቦታ ላይ የሚኖሩ እንስሳትን ሁሉ በኦዞን መሳሳት አሳበዳቸው። ሳይንሱ አያስኬድም፤ ፍጥነቱ ግን ይደንቃል። ብዙ ሚሊዮን የሚያወጡ ስቱዲዮዎች አንድን ሐሳብ ሲያጠኑት ርካሾቹ ጋዜጣውን አንብበው ቶሎ ፊልም ያወጡ ነበር፤ የዘመኑን ፍርሃት ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው የሚጠቅሙትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከኬሚካሉ ቀጥሎ የሚፈለገው «አይዘጋም» የሚለው ሰው ነው። በ«ግሪዝሊ» ፓርኩን የማይዘጋው ኃላፊ፣ በ«ኪንግደም ኦፍ ዘ ስፓይደርስ» የከተማውን ዓውደ ርእይ የማይሰርዘው ከንቲባ፣ በ«ፒራና» የመዝናኛ ሥፍራውን መክፈት የሚፈልገው ባለሀብት ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ከሁሉ የበለጠ የተሟላው ግን በ1972 በወጣው «ፍሮግስ» ውስጥ ሬይ ሚላንድ የተጫወተው ሽማግሌ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠው ይህ ባለጠጋ በፍሎሪዳ ረግረግ ዳር ባለው ቤቱ ረግረጉን በመርዝ ሲያስረጭ ኖሮ፣ ዘመዶቹ አንድ በአንድ እየሞቱ እንኳ የልደት በዓሉን አላቋርጥም ይላል። ፖስተሩ የሰው እጅ ከአፉ የወጣ እንቁራሪት ያሳያል፤ በፊልሙ ውስጥ ግን እንቁራሪቶቹ በራሳቸው አይገድሉም። የሚገድሉት እባቡ፣ አዞው፣ ኤሊው፣ ሸረሪቱና እንሽላሊቱ ሲሆኑ እንቁራሪቶቹ እንደ ዳኛ ተቀምጠው ይመለከታሉ። ብዙዎች ይህን እንደ ማጭበርበር ቆጥረውታል፤ እኔ የፊልሙ ምርጥ ነገር ነው እላለሁ። አዘጋጁ ማድረግ ያልቻለውን ነገር ትቶ እንቁራሪት በተፈጥሮዋ የምትችለውን፣ ማለትም ዝም ብሎ ማፍጠጥን ብቻ ተጠቀመበት።

ስለ ቅጂና ስለ አቀማመጥ

እነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ የተሠሩት ሰዎች በመኪናቸው ውስጥ ሆነው ለሚመለከቱባቸው የሜዳ ሲኒማዎች ነበር። ታሪኩ አሥር ደቂቃ ቢዘነጋ የማይጠፋው፣ ጥቃቶቹም በየጊዜው ተበትነው የሚመጡት ለዚህ ነው። ስለሆነም መካከሉ ሲንዛዛ ቢሰማዎ አይገረሙ፤ ፊልሙን አቁመው ሌላ ቀን መጨረስም ነውር የለውም።

የቅጂው ጥራት ግን ቀልድ አይደለም። «ዘ ኪለር ሽሩውስ»ን የመሳሰሉ የባለቤትነት መብታቸው ያበቃ ፊልሞች በየቦታው በነፃ ይገኛሉ፤ አብዛኛው ቅጂ ግን የደበዘዘ ነው። «ስከርም»ን ያህል ብዙው ክፍሉ በሌሊት የሚሆን ፊልም በመጥፎ ቅጂ ማየት ጥቁር ማያ ላይ ድምፅ መስማት ማለት ስለሆነ፣ በታደሰ ቅጂ ካላገኙት ይቆይ።

እንስሳት የሚወዱ ሰዎች አስቀድመው ማወቅ ያለባቸው ነገርም አለ። የዘመኑ የቀረጻ ጥንቃቄ የላላ ነበር፤ በሸረሪቶቹ ፊልም ውስጥ ታራንቱላዎች በጫማና በጎማ ሲጨፈለቁ የሚታዩባቸው ምስሎች አሉ፤ ሁሉም ሰው ሠራሽ አይደሉም። ይህ የሚከብድዎ ከሆነ «ፒራና»ንና «አሊጌተር»ን መምረጥ ይሻላል። ለሕፃናት የሚሆን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የጥንቸሎቹ ፊልም እንኳ ደም ይበዛበታል።

ከ1980 ወዲህ ያሉትን መለየት

ኮምፒውተር አውሬ መሥራትን ካረከሰው ወዲህ የተሠሩት ፊልሞች በሌላ ሚዛን መታየት አለባቸው። ሆን ተብሎ መጥፎ ሆኖ የሚሠራ ፊልም በችግር ምክንያት መጥፎ ከሆነው ጋር አንድ አይደለም፤ በ2013 በቴሌቪዥን የታየው «ሻርክኔዶ» ተመልካቹ እንዲስቅበት ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ድክመቱን ፈልጎ ማግኘት ምንም ትርፍ የለውም። በ2010 የወጣው የጄምስ ንጉየን «በርዴሚክ» ከዚህ ይለያል። ከ10 ሺህ ዶላር በታች ወጥቶበት የተሠራው ይህ ፊልም ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ከልቡ ሊናገር የሚሞክር ሲሆን፣ ንስሮቹ ግን በአየር ላይ ተለጥፈው የቆሙ ምስሎች ናቸው፤ ሰዎቹም በልብስ መስቀያ ሽቦ ይከላከሏቸዋል። ብዙ ሰው ዘርፉን በዚህ ፊልም ይጀምራል፤ እኔ ግን አልመክርም። ከላይ የተጠቀሱትን ካዩ በኋላ ቢመጡበት ቅንነቱም ውድቀቱም ይበልጥ ይገባዎታል።

በተቃራኒው በ2012 የወጣውን የባሪ ሌቪንሰን «ዘ ቤይ» ችላ እንዳይሉት። በሜሪላንድ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ የዶሮ እርባታ ቆሻሻ ውኃውን ከበከለው በኋላ ጥገኛ ተውሳኮች ሰዎችን ከውስጥ መብላት ይጀምራሉ። ፊልሙ የተገነባው በስልክ፣ በጥበቃ ካሜራ፣ በሆስፒታልና በዜና ዘጋቢ የተቀረጹ ከሚመስሉ ቁርጥራጮች ነው። ምስሉ ቢደበዝዝ ወይም ቢንቀጠቀጥ ታሪኩ ራሱ ምክንያት ስለሚሰጠው የበጀቱ ማነስ ጉድለት ሆኖ አይታይም። እዚህም ከንቲባ አለ፤ የነፃነት በዓሉ እንዳይስተጓጎል የውኃውን ጉዳይ አድበስብሶ ያልፋል። ይህን ፊልም ከ«ፍሮግስ» ጋር አጣምረው ቢያዩት ይመረጣል፤ በሁለቱ መካከል አርባ ዓመት አለ፣ የሁለቱም ድግስ የሚውለው በአሜሪካ የነፃነት ቀን፣ በጁላይ አራት ነው።